በእርግዝና ወቅት ከኦቫሪ ሲስትና ከኢንዶሜትሪዮሲስ ጋር እንዴት መኖር ይቻላል?

አንዲት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ምርመራ ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማመንጫዋ) ላይ ሲስት እንደታየ ሲነገራት፣ ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) እንዳለባት እያወቀች ስታረግዝ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጽንሱ ይጎዳ እንደሆነ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚያረጋጋ ነው፤ ሁለቱም ችግሮች ያሉባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። ከባዱ ነገር በእርግዝናው ወራት የትኛው ሕመም የተለመደ፣ የትኛው ደግሞ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሊታለፍ የማይገባው እንደሆነ መለየቱ ነው። ለዓመታት የወር አበባ ሕመምን ጥርሳቸውን ነክሰው የቻሉ ሴቶች ለዚህ ልዩነት የተለየ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።

የሲስቱን ዓይነት ማወቅ

ሲስት ማለት ፈሳሽ ወይም ሌላ ነገር የያዘ ከረጢት ማለት ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት ኦቫሪ ላይ በብዛት የሚታየው ኮርፐስ ሉቲየም የሚባለው ሲሆን፣ ይህም እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚቀረው አካል ነው። የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ እርግዝናውን የሚያጸናውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን የሚያመነጨው እርሱ በመሆኑ፣ ፈሳሽ ቋጥሮ ሲስት መስሎ ቢታይም በሽታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠፋል። በድንገተኛ ምክንያት ከዚያ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና መውጣት ካለበት፣ ሐኪሙ ፕሮጄስትሮንን በመድኃኒት መልክ ሊተካ ይችላል።

ከዚህ ሌላ ከእርግዝናው በፊት የነበሩ ሲስቶች አሉ። ንጹሕ ፈሳሽ የያዘ ተራ ሲስት፣ ስብና ፀጉር ሊይዝ የሚችል ደርሞይድ፣ እንዲሁም ከኢንዶሜትሪዮሲስ የሚመጣውና የቆየ ጥቁር ደም የሚቋጥረው ኢንዶሜትሪዮማ በብዛት የሚያጋጥሙት ናቸው። የእያንዳንዳቸው ክትትል ስለሚለያይ «ሲስት አለ» የሚለውን ብቻ ሰምተው ከምርመራ ክፍል አይውጡ። በየትኛው ጎን እንዳለ፣ ስፋቱ በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ፣ ውስጡ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ መሆኑን ወይም ጠጣር ክፍል እንዳለው ይጠይቁና ውጤቱን በጽሑፍ ይያዙ። ከወራት በኋላ ሌላ ባለሙያ ሲያይዎ ሲስቱ ማደጉን ወይም መቀነሱን ሊያውቅ የሚችለው ከዚያ ወረቀት ጋር ሲያስተያየው ነው።

ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነና ንጹሕ ፈሳሽ የያዘ ሲስት ብዙውን ጊዜ ራሱ ስለሚጠፋ በአልትራሳውንድ ከማየት ያለፈ ነገር አያስፈልገውም። እጅግ ትልቅ ከሆነ፣ እያደገ ከሄደ፣ ወይም የሚያጠራጥር ጠጣር ክፍል ካለው ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል፤ አጣዳፊ ካልሆነ የሚመረጠውም ሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር፣ በተለይ ከ14ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። ኢንዶሜትሪዮማ ያለባት ሴት አንድ ነገር ቀድማ ብታውቅ ከብዙ ጭንቀት ትድናለች። የእርግዝና ሆርሞኖች የዚህን ሲስት ግድግዳ ስለሚያወፍሩትና ደም ሥሮቹን ስለሚያበዙት፣ በአልትራሳውንድ ላይ ካንሰር ሊመስል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲያየው፣ ካስፈለገም ጋዶሊኒየም የተባለው ምስል ማጉያ መድኃኒት ሳይሰጥ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) እንዲነሣ መጠየቅ ተገቢ ነው። የኦቫሪ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታዘዘው ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ ውጤት በእርግዝና ምክንያት ብቻ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ በዚህ ወቅት በእርሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ውሳኔ ላይ መድረስ አይገባም።

ሊታለፍ የማይገባ ሕመም

ሲስት ያለበት ኦቫሪ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ይህ በአብዛኛው ሲስቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥና በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ያጋጥማል። ምልክቱ በአንድ ጎን በድንገት የሚጀምር ከባድ ሕመም ነው፤ አንዳንዴ መጥቶ ይሄድና ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜም ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተለዋል። ማቅለሽለሹ የእርግዝና ነው ብሎ ማለፍ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ በጊዜ የተደረሰበትን ኦቫሪ ፈትቶ ማዳን ይቻላልና። ሲስት ሲፈነዳም እንዲሁ ድንገተኛ የሚወጋ ሕመም ይሰማል። ከሕመሙ ጋር ራስ ማዞር፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ከመጣ በሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

በኢንዶሜትሪዮሲስ ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ፣ በተለይ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከውጭ ምንም ምት ሳይደርስ በሆድ ውስጥ ደም መፍሰስ ያጋጥማል። ከማህፀን የሚወጣ ደም ላይታይ ስለሚችል ሐኪሞችም መጀመሪያ ሌላ ነገር ሊጠረጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ይዞዎት ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ከሁሉ አስቀድመው «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስም አለብኝ» ይበሉ፤ መናገር ቢያቅትዎ አብሮዎት ያለው ሰው እንዲናገር አስቀድመው ይንገሩት። ትኩሳት፣ ከማህፀን የሚፈስ ደም ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስም በዚያው ዕለት መታየት አለበት።

ሕመም የመቻል ልማድ ችግር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በየወሩ አልጋ ላይ የጣለ ሕመም ያሳለፈች ሴት አዲሱንም ሕመም በአሮጌው መለኪያ ትለካውና «ከዚህ የባሰም አይቻለሁ» ብላ ትቆያለች። መለኪያው የሕመሙ ጥንካሬ ብቻ ሊሆን አይገባም። አጀማመሩ ድንገተኛ ከሆነ፣ ቦታው አዲስ ከሆነ፣ ወይም ዕረፍትና ማስታገሻ ካልመለሱት ይሂዱ። ሕመሙ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርጉ እንደጀመረና ምን እንዳቀለለው በአጭሩ መመዝገብ፣ የተለመደውን ከአዲሱ ለመለየት ከሁሉ ይበልጥ ይረዳል።

የዕለት ተዕለት ሕመምን ማቅለል

ኢንዶሜትሪዮሲስ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚያጠቃ ይገመታል። «አርግዢ፣ ይለቅሻል» የሚለው ምክር በሰፊው ቢነገርም እርግዝና ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። የወር አበባ ስለሚቋረጥና ፕሮጄስትሮን ስለሚጨምር ብዙዎች እፎይታ ያገኛሉ፤ ሌሎች ግን ማህፀኑ ሲያድግ በጠባሳ የተጣበቁ የአካል ክፍሎች ስለሚሳቡ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሕመማቸው ይጨምራል። ከሁለተኞቹ ወገን ከሆኑ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ልጅ ከመጣ በኋላ ማማረር ነውር ነው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎም ሕመምዎን ለሐኪምዎ ከመናገር ወደኋላ አይበሉ።

ከማስታገሻዎች በእርግዝና ቅድሚያ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው፤ ሕመሙን በሚያቀልለው አነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ግራም ሳያልፍ ይወሰዳል። ከእርግዝና በፊት በየወሩ ይወስዷቸው የነበሩት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊቀንሱ፣ በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ለጽንሱ የደም ዝውውር የሚያስፈልግን የደም ቧንቧ ያለጊዜው ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ከዚያ በፊትም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ለኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሰጡ የሆርሞን መድኃኒቶችን ሲወስዱ ካረገዙ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ በተለይ ዳናዞል ሴት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል።

ከመድኃኒት ውጭ ለብ ያለ ጨርቅ ወገብ ላይ ማድረግ፣ በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማስገባትና ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ብዙዎችን ይረዳል። የሰውነትን ሙቀት የሚያንር እጅግ የሞቀ መታጠቢያ ውስጥ መቆየት ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅረት አለበት። ለሆድ ድርቀትም የሚገባው ትኩረት አይሰጠውም፤ አንጀት ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ ላለባት ሴት ድርቀት ሕመሙን እጥፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ውኃና አሰር ያለው ምግብ ማዘውተር ካልበቃ ለእርግዝና የሚሆን ማለስለሻ ይጠይቁ።

ክትትልና ወሊድ

ኢንዶሜትሪዮሲስ ከማህፀን ውጭ እርግዝና የመከሰት ዕድልን ስለሚጨምር፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጽንሱ በማህፀን ውስጥ መሆኑ ቢረጋገጥ ይመረጣል። የእንግዴ ልጅ የማህፀን በር ላይ የማረፍ አጋጣሚውና ያለጊዜው የመውለድ ዕድሉም ከሌሎች ሴቶች ከፍ ይላል። ስለዚህ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት በሚደረገው ምርመራ የእንግዴ ልጁ የት እንዳረፈ ይጠይቁ፤ ዝቅ ብሎ ከታየ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ይታያል፤ ብዙ ጊዜም እስከዚያ ከፍ ይላል። የደም ዓይነትዎ ኔጌቲቭ ከሆነና ደም ከፈሰሰዎት፣ የሾተላይ መከላከያ መርፌ እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁ።

ሲስትም ሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ በራሳቸው በምጥ ከመውለድ አይከለክሉም። ሲስቱ የሕፃኑን መውጫ ከዘጋ ወይም የእንግዴ ልጁ የማህፀን በርን ከሸፈነ ግን በቀዶ ሕክምና መውለድ ግድ ይላል። ቀድሞ የሆድ፣ በተለይም የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ከሆነ የዚያን ጊዜ ሪፖርት ከወሊዱ ቀን በፊት ለሐኪምዎ ያቅርቡ፤ የተጣበቁ የአካል ክፍሎች እንዳሉ አስቀድሞ የሚያውቅ ቡድን ተዘጋጅቶ ይገባል።

ከወለዱ በኋላ ማህፀኑ ሲሰበሰብ ኦቫሪው የመንቀሳቀሻ ቦታ ስለሚያገኝ እንደገና ሊጠመዘዝ ይችላል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ ከባድ ሕመምን የማህፀን መሰብሰቢያ ቁርጠት ነው ብለው አይለፉት። በእርግዝናው ያልጠፋ ሲስት ካለ ከወሊድ 6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ቀጠሮ ይያዙ። አዘውትሮ ማጥባት የወር አበባን መመለስ ስለሚያዘገይ የኢንዶሜትሪዮሲሱን እፎይታ ሊያራዝም ይችላል፤ አይቡፕሮፌንም በማጥባት ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ሕመሙ ግን ከወር አበባው ጋር ሊመለስ ስለሚችል፣ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ያለውና ጡት ለማጥባት የማይከለክል የወሊድ መቆጣጠሪያ ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ፣ የወር አበባው ሳይመለስ በድኅረ ወሊድ ቀጠሮዎ ላይ ይጠይቁ።