ጡንቻ እየጨመሩ ሰውነት እንዳይከብድ

«ጡንቻ ሲበዛ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጀርባን ማከክ እንኳን ያቅታል» የሚል ወሬ ከጂም በር ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ግማሹ እውነት ነው። ጡንቻ ይመዝናል፣ ሲሠራ ይሞቃል፣ ቦታም ይይዛል። ነገር ግን ያለ መርፌና ያለ ክኒን የሚሠራ ጀማሪ በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጡንቻ ቢጨምር ጥሩ ሠራ ይባላል፤ ያም እየቆየ ይቀንሳል። በዚህ ፍጥነት የመጣ ጡንቻ ብቻውን ኑሮ አያከብድም። የሚያከብደው አብሮት የገባ ስብ፣ የተረሳ ልብና ሳንባ፣ በግማሽ የተሠራ እንቅስቃሴ ነው። የእርስዎ ችግር የትኛው እንደሆነ የሚለየው መለኪያ ነው።

1. ይለኩ

ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ክብደትዎን ይመዘኑ። በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብዎን በእምብርት ልክ፣ አንገትዎንም ይለኩና ይጻፉ። ክብደት 4 ኪሎ ጨምሮ ወገብ ባለበት ከቆመ፣ የጨመረው በአብዛኛው ጡንቻ ነው። ወገብም 4 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ ግን ጡንቻን አይውቀሱ። የወንድ አንገት ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ማንኮራፋትና የቀን እንቅልፍ ከተጨመረበት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል።

2. ሰውነትዎን በኑሮ ይፈትኑ

መሬት ላይ ይቀመጡና እጅ ሳያስደግፉ ይነሱ። ተረከዝዎ ሳይነሳ ቁጢጥ ብለው አንድ ደቂቃ ይቆዩ። አንድ እጅ ከትከሻ በላይ፣ ሌላውን ከወገብ በኩል ወደ ጀርባ ይላኩ፤ ጣቶቹ ካልተነካኩ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያስለኩ። በመጨረሻ የኮንዶሚኒየም ደረጃ እስከ 4ኛ ፎቅ ሳያርፉ ይውጡና ወዲያው አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። መሃል ላይ ከተቆረጠ ትንፋሽዎ ሥራ ይፈልጋል።

3. ዳገቱን ይልመዱ

ልብ የሚገፋው ኪሎ የስብ ይሁን የጡንቻ አይለይም። ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ የእግር ጡንቻ ቢያንስ ራሱን ይገፋል፤ የደረትና የክንድ ጡንቻ ግን ጭነት ነው። 10 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት የሚጠፋው ኃይል 10 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ምንም አይደለም። የሚያስጨንቀው በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የሚጠየቀው ኦክስጅን ነው፤ ሐዋሳም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል።

ስለዚህ በሳምንት 3 ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በሐይቁ ዳር እያወሩ መሄድ በሚያስችል ፍጥነት ይራመዱ። በሳምንት አንድ ቀን ታቦርን ይጨምሩ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዳገቱን ወጥተው በዚያው ቀን ስኳት (ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ለመሥራት ሲሞክሩ ነው። የደከመ ጭን ብረቱን ሲሸከም ወገብ ይጎብጣል። ወይ ቀኑን ይለዩ፣ ወይ ብረቱን ያስቀድሙ።

4. ብረቱን እስከ መጨረሻው ያውርዱ

«ጡንቻ ያደርቃል» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ ብረቱ ደረት ሳይነካ የሚመለስ፣ ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ላይ ክንድ ሳይዘረጋ የሚነሳ ሰው ባልደረሰበት ቦታ አቅም አይኖረውም። በሙሉ እንቅስቃሴ የሚሠራ ብረት ግን ሰውነትን ያፍታታል። ክብደቱን ይቀንሱና እስከ መጨረሻው ይውረዱ፤ ለእያንዳንዱ የግፊት ዙር አንድ የመሳብ ዙር ይኑር። በሳምንት 2 ቀን፣ በየእንቅስቃሴው 3 ዙር፣ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ትርፉ የሚታየው ውኃ ሲጠፋ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጁ ከ40 ኪሎ በላይ የማይችል ሰው ግማሽ አቅሙን ይዞ ደረጃ ይወጣል፤ 60 ለሚያነሳው ሲሶው ብቻ ነው።

5. ሙቀትና ፍትጊያ

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ትልቅ ሰውነት ደግሞ ከቆዳው ስፋት ይልቅ ይዘቱ ስለሚበልጥ በቶሎ አይበርድም። በመጋቢት ቀትር ላይ ይህ ይሰማል። ሲያርፉ ግን 1 ኪሎ ጡንቻ በቀን የሚበላው 13 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው፤ 5 ኪሎ ቢጨምሩ እንኳ አንድ እንቁላል አይሞላም። ከስፖርት በፊትና በኋላ ይመዘኑ፤ የጎደለው 1 ኪሎ 1 ሊትር ውኃ ነው፣ ቀስ ብለው ይተኩት።

ጭን ለጭን ሲፋተግ ከሱሪ ሥር ረዘም ያለ ጥብቅ ቁምጣ ይልበሱ፤ ከቤት ሳይወጡም ቫዝሊን ይቀቡ፤ ከቆሰለ በኋላ ቫዝሊን ብዙም አያድንም። ሱሪ ሲገዙ ለጭንዎ የሚሆነውን ይግዙና ወገቡን ልብስ ሰፊ ያስጠብበው።

6. ምግብ

70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 112 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፤ በኪሎ 1.6 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ ዓሣ 26 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አለው። የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ዓሣ መብላት የተለመደ ቢሆንም ጥሬ በመሆኑ ለጡንቻ የሚጨምረው የለም፤ ጥገኛ ትል ግን ሊያመጣ ይችላል። በቀን ከሚያስፈልግዎ በላይ 300 ኪሎ ካሎሪ ከበቂ በላይ ነው። «ለመግዘፍ» ተብሎ እንጀራ በእንጀራ የሚደራረበው ወደ ወገብ ይሄዳል። ምልክት በሌለው ከረጢት የሚሸጥ ዱቄትና ማንነቱ የማይታወቅ መርፌ ይቅርብዎ፤ ደም ሊያወፍሩ፣ የደም ግፊትም ሊጨምሩ የሚችሉት እነሱ ናቸው።

በየ8 ሳምንቱ የ1ኛውንና የ2ኛውን ደረጃ መለኪያ ይድገሙ። ጣቶቹ ከተራራቁ ቤንቹን ለአንድ ወር በግማሽ ይቀንሱ፤ ትንፋሹ ካጠረ ክብደት መጨመሩን ያቁሙና የሐይቅ ዳር እርምጃውን ወደ 5 ቀን ያሳድጉ። ደረት ውስጥ ሕመም ወይም ማዞር ካለ ግን ብረቱንም ዳገቱንም ትተው ሐኪም ያማክሩ።