የላሚኔሽን ባኪንግ ወረቀት ማሽን ላይ እንዴት እንደሚያዝ

ስቲከር ቤት የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ፕሪንቱ ቆንጆ ሆኖ ይወጣና ላሚኔሽን ላይ (ሙጫ ያለው ስስ የላስቲክ ፊልም ከላዩ ሲለጠፍበት ማለት ነው) ሲደርስ ይሸበሸባል፣ ከዛ ወይ ፊልሙ ይወቀሳል ወይ ማሽኑ። እኔ ግን ስንቱን ስራ አበላሽቼ የተማርኩት፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማንም ልብ በማይለው ነገር ላይ ነው፣ የፊልሙን ሙጫ ሸፍኖ በሚቆየውና ማሽኑ ላይ እየተላጠ ወደ ላይ በሚጠቀለለው ባኪንግ ወረቀት ላይ። እሱ ጠማማ ከተጠቀለለ ፊልሙንም ይዞት ይጣመማል። ስለዚ ዛሬ ስለሱ ብቻ ላውራ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር፣ በሶልቬንት ወይ በኢኮ ሶልቬንት ቀለም (በሚተን ፈሳሽ የተበጠበጠ ቀለም ነው) የታተመ ስቲከር ቢያንስ 24 ሰአት ሳይጠቀለል ተዘርግቶ ይቆይ። ካልደረቀ ባኪንጉን የፈለጋችሁትን ያህል በጥንቃቄ ብትይዙት ሙጫው ዋጋ የለውም፣ ቆይቶ ይላጣል።

1. የላሚኔሽን ፊልሙን ጥቅል ማሽኑ ላይ ስቀሉ፣ ግን መጀመሪያ ሙጫው የቱ ጋ እንዳለ እዩ። አንዳንዱ ጥቅል ፊልሙ በውጪ በኩል ነው አንዳንዱ ደግሞ ባኪንጉ፣ ስለዚ ጥጉን በጥፍር ላጥ አርጋችሁ አረጋግጡ። ፊልሙ ሲወርድ የላይኛውን ሮለር (ፊልሙንና ፕሪንቱን መሀላቸው ከሚጫኑት ሁለት የጎማ ሲሊንደሮች የላዩን) መንካት ያለበት ሙጫ የሌለው ጎኑ ነው። ሙጫው ጎማውን ከነካ ፊልሙ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዛ ግማሽ ቀን ሮለር ስታፀዱ ነው የምትውሉት።

2. ባኪንጉን ከፊልሙ ለዩ። በጥፍር መታገል የለም፣ ጥጉ ላይ አንድ ስኮች በላይ አንድ ስኮች በታች ለጥፉና ሁለቱን ወደየጎናቸው ሳቡ፣ ወዲያው ይከፈታል። ከዛ በሙሉ ወርዱ ወደ ግማሽ ሜትር ላጡት። ካተር ሮለሩ አጠገብ እንዳታነሱ አደራ፣ ጎማው ላይ አንድ ጭረት ካረፈ ከዛ በኋላ በሚወጣው ስራ ሁሉ ላይ መስመሩ ይታያል።

3. ባኪንጉ የሚጠቀለልበት ዘንግ (መጠቅለያው) ላይ ባዶ የካርቶን ቱቦ አስገቡ፣ ወርዱ ከፊልሙ ወርድ እንዳያንስ። የወረቀቱን ጫፍ ቱቦው ላይ ስትለጥፉት ከመሀል ጀምሩ፣ ከዛ ግራና ቀኙን በእኩል ወጠር እያረጋችሁ ለጥፉ። ሶስት ቦታ ቢያንስ።

እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ። አንድ ጊዜ ለሚኒባስ የሚለጠፍ 6 ሜትር ስቲከር ነበረኝ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ስለነበር ቸኩዬ መሀሉን ብቻ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ሜትር ልክ እንደ መስታወት ነው የወጣው። ሁለተኛው ላይ የባኪንጉ ጠርዝ ቱቦው ላይ ወደ ቀኝ የአንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ አየሁት፣ አየሁትና ይስተካከላል ብዬ ተውኩት። አይስተካከልም። ወረቀቱ ባንድ በኩል ሲደራረብ ያ ጎን ይወፍራል፣ የወፈረው ጎን ደግሞ በአንድ ዙር ብዙ ወረቀት ስለሚስብ ያኛው ይላላል፣ ከዛ ፊልሙ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ሽብሽብ ይወርዳል። ሶስተኛው ሜትር ላይ ሆነ ይሄ። ስድስቱንም ሜትር በራሴ ወጪ እንደገና አተምኩ፣ ደንበኛው ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ መኪናው ቆመበት፣ እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። ስለዚ ቱቦውን መጀመሪያ በእጃችሁ ሁለት ዙር አዙሩትና ጠርዙ በጠርዙ ላይ እያረፈ መሆኑን እዩ፣ ካላረፈ ፈታችሁ እንደገና ለጥፉ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

4. ውጥረቱን አስተካክሉ። መጠቅለያው ላይ ያለው የውጥረት ማስተካከያ ከጠበቀ ባኪንጉ ፊልሙን አብሮ ይስበዋል፣ የተለጠጠ ፊልም ደግሞ ከተለጠፈ በኋላ መሰብሰብ ስለሚፈልግ የስቲከሩ ጠርዝ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ከላላ ደግሞ ወረቀቱ ይንጠለጠልና ከፊልሙ ጋር ሮለሩ መሀል ይገባል። ልኩ ወረቀቱን በጣት ጀርባ መታ ስታረጉት ሳይረግብም ሳይከርም ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው፣ ይሄን በእጅ ነው የምትለምዱት።

5. ስራውን አስገቡ። ከፕሪንቱ በፊት የድሮ ባኪንግ ቁራጭ ወይ ቀጭን ካርቶን ቀድሞ ይግባ፣ ፊልሙ እሱን ይያዝና ከኋላው ፕሪንቱ ይከተል። በዝግታ ጀምሩ። ሁሉም ሰው የሚያየው ፕሪንቱን ነው፣ እናንተ ግን አንድ አይናችሁ መጠቅለያው ላይ ይሁን፣ ችግሩ መጀመሪያ የሚታየው እዛ ነው። ጠርዙ ሲሸሽ ካያችሁ ማሽኑን አቁሙና አስተካክሉ፣ እየዞረ እያለ እጅ ማስገባት ፈፅሞ አይሆንም። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የተለቀቀ ፀጉር ማሽኑ አጠገብ አይቅረብ።

መጠቅለያ የሌለው ትንሽ ማሽን ከሆነ ያላችሁ ሁለት ሰው ሁኑ፣ አንዱ ስራውን ያስገባል ሌላው ባኪንጉን ቀጥ አርጎ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስባል፣ ሁለቱንም እጁን ተጠቅሞ በእኩል። መሬት ላይ ግን አይጣል፣ ወረቀቱ ሲሊከን ስለተቀባ ሲረገጥ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው።

ክረምት ላይ ደግሞ የስቲከሩን የራሱን ባኪንግ እዩት። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ቪኒሉ (የስቲከሩ ላስቲክ) ግን አይለጠጥም፣ ስለዚ ጠርዙ ሞገድ ይሰራል፣ ሮለር ውስጥ ሲገባ ያ ሞገድ እጥፋት ይሆናል። ጥቅሉን በላስቲኩ ሸፍናችሁ ከመሬት ከፍ አርጋችሁ አስቀምጡ።

6. ስትጨርሱ ፊልሙን ቁረጡና የቀረውን ጫፍ መልሳችሁ ባኪንጉ ላይ ለጥፉት፣ ሙጫው ተከፍቶ ካደረ አቧራ ይይዛል። ሮለሮቹንም አንሱ፣ ተጫጭነው ካደሩ ጎማው ይጎደጉዳል። መብራት መሀል ላይ ከጠፋም ቶሎ ብላችሁ በእጅ አንሷቸው።

የተጠቀለለው ባኪንግ ሲሊከን ስላለው ከተራ ወረቀት ጋር ሪሳይክል አይገባም፣ ግን አትጣሉት። ያልታጠፈውን ለቀጣዩ ስራ መነሻ አስቀምጡት፣ ሰፋ ያለውን ደግሞ የሚያዳልጠውን ጎን ወደ ላይ አርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት፣ የተቆረጡ ፊደሎችን ለጊዜው ብታሳርፉበት ሳይላጡ ሳይቀደዱ ይነሳሉ።