ስለ ማሽተትና ስለ አንጎል መጽሐፍ ስትመርጡ

መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። የሽታ ሳይንስ መጽሐፍ ቶሎ ያረጃል። ተመራማሪዎቹ ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል የሽታ ተቀባዮችን (አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚይዙትን ፕሮቲኖች) የሚሠሩትን ጂኖች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ ኖቤል የተሸለሙት ደግሞ በ2004። ከ1991 በፊት የተጻፈ መጽሐፍ አፍንጫ ሽታን እንዴት እንደሚለይ ሲያስረዳ በአብዛኛው ግምት ነው የሚነግራችሁ።

ቀጥሎ ሁለት ነገር ፈልጉበት። አንዱ «ሰው አንድ ትሪሊዮን ሽታ ይለያል» የሚለው ነው። ቁጥሩ የመጣው በ2014 ከወጣ ጥናት ሲሆን በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ፈትሸው አያስኬድም ብለዋል። ደራሲው ክርክሩን ዘሎ ቁጥሩን ብቻ ከነገራችሁ ሌላውንም በጥርጣሬ አንብቡት። ሁለተኛው «የሰው አፍንጫ ደካማ ነው» የሚለው ወሬ ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከፈረንሳዊው የአንጎል ተመራማሪ ፖል ብሮካ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ተመራማሪው ጆን ማክጋን በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ተረት መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ታትሞ አሁንም ይህንኑ የሚደግም መጽሐፍ ላይ እኔ ብር አላወጣም።

ለጀማሪ በ2020 የወጣው የማቲው ኮብ «ስሜል» ይበቃል፤ ቀጭን ነው። ምግብ ለሚወድ የጎርደን ሼፐርድ «ኒውሮጋስትሮኖሚ» አለ። የአን-ሶፊ ባርዊች «ስሜሎሶፊ» ፍልስፍናም ስላለበት ከበድ ይላል፣ ለኋላ አቆዩት። ሦስቱም እንግሊዝኛ ናቸው።

ስታነቡ ወረቀት ያዙና መንገዱን ሳሉ፦ ከአፍንጫ ጣሪያ የተነሳው መልእክት ከበላዩ ወዳለው «ኦልፋክተሪ በልብ» (olfactory bulb) ወደሚባል የአንጎል ክፍል ይገባል፣ ከዚያ ሽታን ወደሚያስተናግደው የአንጎል ቅርፊት ክፍል ወደ ፒሪፎርም ኮርቴክስና ከስሜት ጋር ወደተያያዘው አሚግዳላ ይሄዳል። ዓይንና ጆሮ የሚልኩት ግን ኮርቴክስ (የአንጎል ቅርፊት) ሳይደርስ መጀመሪያ በአንጎል መሀል ባለው መልእክት አስተላላፊ ክፍል፣ በታላመስ ማለፍ አለበት። ይቺ ሥዕል በጣም ትጠቅማለች፤ ምክንያቱም «ሽታ ትዝታን ይቀሰቅሳል» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ደራሲው የትኛውን ከአንጎል አሠራር ተነስቶ እንደሚናገር፣ የትኛውን ደግሞ ከራሱ እንደጨመረበት ለመለየት ትረዳችኋለች።

የሼፐርድን ስታነቡ ደግሞ ሞክሩት። አፍንጫችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ የተፈጨ ቀረፋ ከስኳር ጋር አፋችሁ ውስጥ ጨምሩ። ጣፋጭነቱ ብቻ ይሰማችኋል። አፍንጫችሁን ስትለቁ ቀረፋው ከች ይላል፣ ሽታው ከአፍ በጉሮሮ ጀርባ ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ ነው።

ማሽተት ስላቃታችሁ መፍትሔ ፍለጋ የምታነቡ ከሆነ ስለ ሽታ ልምምድ የሚያወሳውን ምዕራፍ አስቀድሙ። ተመራማሪው ቶማስ ሁመል በ2009 ባሳተመው ጥናት ታካሚዎች ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ በቀን ሁለቴ ለ12 ሳምንት እያሸተቱ ነበር፣ ከነሱም የተሻላቸው ነበሩ። «በሳምንት ይመለሳል» የሚል መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ተዉት። ሽታ ድንገት ከጠፋባችሁ ግን መጽሐፉን ትታችሁ መጀመሪያ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።