ኢሙሌተር ውስጥ ሲስተም ኮል ሲያስቸግር

ሪስክ-ፋይቭ ለተባለ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ፕሮግራም ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ የሚያስኬድ ኢሙሌተር ጽፋችሁ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው የመደመሩንና የመዝለሉን ኮድ ወደ መፈተሽ ነው። ለጊዜው ተዉት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እንግዳው (የሪስክ-ፋይቩ) ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ በሲስተም ኮል ሲጠራ እናንተ መሀል ገብታችሁ በምታስተረጉሙበት ቦታ ነው። ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጥሪ በአንድ መስመር አሳትሙ፦ ኤ7 በተባለው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማከማቻ) ውስጥ ያለውን የጥሪ ቁጥር፣ ከኤ0 እስከ ኤ5 ያሉትን አርጉመንቶች፣ የመለሳችሁትን ዋጋ። ኪው-ኢሙ የተባለው የታወቀ ኢሙሌተር ለዚሁ የስትሬስ አማራጭ አለው። ያንኑ ፕሮግራም በእሱ አስኬዱና ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስተያዩ። ከዚህ በታች እያንዳንዱ አንቀጽ በምልክቱ ይጀምራል፤ ምክንያቱና መፍትሔው ይከተላል።

«ሰላም» አንዴ ታይቶ ፕሮግራሙ ድርቅ ይላል፤ ፕሮሰሰሩ ግን 100 ፐርሰንት ይሠራል። ዝርዝሩ ላይ የራይት (የመጻፊያ) ጥሪ መጀመሪያ 10 መልሷል፤ ከዚያ -9፣ -9፣ -9 እያለ ይቀጥላል። ሦስቱ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 9 ባይት ናቸው፣ ከአዲስ መስመር ምልክቱ ጋር 10። ያ 10 ኤ0 ውስጥ ገባ። ኢኮል የተባለው ከርነሉን የሚጠራ መመሪያ ሲደገም ኤ0 የፋይል ቁጥር ሆኖ ተነበበ፤ 10 ቁጥር ክፍት ፋይል ስለሌለ -9 (የተሳሳተ የፋይል ቁጥር) መጣ። ምክንያቱ ከጥሪው በኋላ ፕሮግራም ካውንተሩን (የሚሠራውን መመሪያ አድራሻ የሚይዘውን) በ4 አለማራመዳችሁ ነው።

-14 (የተሳሳተ አድራሻ) ይመለሳል። የእንግዳውን አድራሻ እንዳለ ለላፕቶፑ ከርነል ሰጥታችኋል። የሜሞሪውን መነሻ ደምሩበት፣ ወሰኑንም ፈትሹ።

ማንኛውም ስህተት «አልተፈቀደም» ሆኖ ይታያል። የሲ ላይብረሪ ሲሳነው -1 ይመልሳል፤ እውነተኛውን ምክንያት ኤርኖ በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ በቁጥር ያስቀምጣል። እንግዳው ግን -1ን የሚያነበው እንደ ስህተት ቁጥር 1፣ ማለትም እንደ «አልተፈቀደም» ነው። የኤርኖን ዋጋ አሉታዊ አድርጋችሁ መልሱ።

ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ አይወጣም። የጥሪውን ቁጥር ወደ ኢንቴሉ ሳትቀይሩ ለላፕቶፑ ከርነል አሳልፋችሁ ይሆናል፦ በሪስክ-ፋይቭ 93 መውጫ ነው፣ በኢንቴል 64 ቢት ደግሞ የፋይል ባለቤት መቀየሪያ። የማታውቁት ቁጥር ሲመጣ ደግሞ 0 አትመልሱ፤ -38 (እንዲህ ያለ ጥሪ የለም) መልሱ። ክሎን3 የሚባለውን፣ አዲስ ፕሮሰስ ወይም ትሬድ የሚፈጥረውን 435 ቁጥር ጥሪ ጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ሞክሮ -38 ካገኘ ወደ አሮጌው ክሎን ይመለሳል። 0 ካገኘ ግን «ልጁ (አዲስ የተፈጠረው) እኔ ነኝ» ብሎ ያምናል፤ ከዚያ በኋላ የምታዩት ብልሽት ሁሉ ያሳስታችኋል።

የፋይሉ መጠን ልክ ነው፣ ዓይነቱ ግን ስህተት። እኔን አንድ ሌሊት ሙሉ ያስቀመጠኝ ይህ ነው። ስታት የተባለው ጥሪ የፋይሉን መረጃ የሚሞላበት መዋቅር በኢንቴል 144 ባይት፣ በሪስክ-ፋይቭ 128 ነው። መጠኑ በሁለቱም 48ኛው ባይት ላይ ስለሚጀምር ልክ መስሎ ያዘናጋል። የፋይሉ ዓይነትና ፈቃድ ግን በኢንቴል 24 ላይ፣ በሪስክ-ፋይቭ 16 ላይ ነው። በጅምላ ከገለበጣችሁት ትርፉ 16 ባይት የእንግዳውን ስታክ (ጊዜያዊ ዳታ የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ) ያበላሻል። እያንዳንዱን መስክ ለየብቻ ቅዱ።