የፓዌ ሰፋሪዎች መዝገብና የመላምት ፍተሻ፦ ችግርና መፍትሄ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ሺህ ሰው ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥቶ በዚያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ በነበረው መተከል አውራጃ፣ ፓዌ ሰፈረ። ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ የዚያን ዘመን መዝገብ በስታቲስቲክስ የምትፈትሹ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። አብዛኛው ስህተት መዝገቡን በደንብ ሳያነቡ ወደ ኮምፒውተር ከመሮጥ ይመጣል።

ውጤቱ ከሚገባው በላይ ሲያምር

ጥያቄው «ፓዌን ጥሎ በመውጣት ከሁለት አውራጃ በመጡ ሰፋሪዎች መካከል ልዩነት አለ ወይ?» ነው እንበል። 1,000 ስም አስገባችሁ፤ ካይ ስኩዌሩ (ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር) 12 ወጣ። በ5 በመቶ ደረጃ ወሰኑ 3.84 ስለሆነ «ልዩነት የለም» የሚለውን መላምት ጣላችሁት።

መንስኤው፦ ሰው ብቻውን አልወጣም። አባወራው ሲነሣ ሚስትም ልጆችም አብረው ተነሡ። መዝገቡ ላይ አምስት መስመር ናቸው፤ ውሳኔው ግን አንድ ነው። ፍተሻው ደግሞ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው የወሰነ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል።

መፍትሄው፦ ቤተሰብ ቁጠሩ። በየቤቱ አምስት ሰው ካለና ሁሉም አብሮ ከወጣ ወይም አብሮ ከቀረ፣ ያላችሁ 200 ቤተሰብ ነው። ካይ ስኩዌሩም ለ5 ተካፍሎ 2.4 ይሆናል። ይህ ልዩነት አለ ለማለት አይበቃም። ከፊሉ ወጥቶ ከፊሉ የቀረበት ቤት ከበዛ፣ ቤተሰብን እንደ አንድ ክላስተር (እርስ በርሱ የተያያዘ ቡድን) የሚይዝ ስሌት ተጠቀሙ። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ እንኳ ይህቺን አትተዉ።

የሰፋሪው ቁጥር ሲያብጥ

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኤክሴል ግን ሦስት ሰው ነው። መጀመሪያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጡ። ከዚያ በአባት ስም፣ በአያት ስምና በመጡበት ቀበሌ አመሳክሩ። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ግን ሰው አትሰርዙ፤ አበበ የሚባል ስንት አለ!

ዓመቱ ሲዛባ

የእርዳታ ድርጅቶች ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1977 ላይ ሁልጊዜ 8 መደመር ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው 1984 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ያለው 1985።

ዕድሜ 30 እና 40 ላይ ሲከመር

ጸሐፊው በግምት ሞልቶታል። ከ28 እስከ 32 እያላችሁ፣ ክምሩን መሐል አድርጋችሁ መድቡ።

መዝገቡ ላይ የሌሉትስ?

ይሄኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ሳይመዘገብ በመንገድ የሞተ፣ በሌሊት አምልጦ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ስሙ የለም። መሬቱ የነበረው የጉሙዝ ሕዝብም በሰፋሪ መዝገብ ላይ አይገኝም። ናሙና ማብዛት እነሱን አያመጣቸውም። ስለዚህ መደምደሚያችሁ ላይ «ከተመዘገቡት መካከል» ብላችሁ ጻፉ። ከተቻለ ደግሞ አንድ የመንደር መዝገብ ይዛችሁ ከአዛውንቶቹ ጋር ቁጭ በሉ፤ ስም በስም እያነበባችሁ ማን እንደጎደለ ጠይቋቸው።