ሐዋሳ ላይ የሰላምና የመብት መድረክ ስታዘጋጁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ተሰብስቧል። ሻይ ተፈልቷል። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ሞንታርቦው ይጮኻል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰዉ ሲወጣ ምን እንደተወያየ ብትጠይቁት ግን የሚነግራችሁ ስለ አበሉ ነው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ በሰላምና በሰብዓዊ መብት ዙሪያ በሚሠራ ትንሽ የሰፈር ቡድን ውስጥ አገለግላለሁ። ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐይቁ ዳር ብዙ ጊዜ ነዋሪ ጠርተናል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርተን አይተናቸዋል። እናንተ እንድትደግሟቸው አልፈልግም።

ነዋሪውን ጠርቶ አለማናገር

አንድ ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ጠራን። የክብር እንግዳው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የአጋሮች መልእክት፣ ከዚያ ስላይድ። ነዋሪው ዕድል ያገኘው ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ቆዩ፣ ቆዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። በር ላይ ደረስኩባቸው። «ልጄ፣ ቤት የታመመ ሰው ትቼ ነው የመጣሁት። ልናገር መጥቼ ስሰማ ዋልኩ» አሉኝ።

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም። የሲዳማ ሽማግሌዎች «አፊኒ» የሚሉት የመመካከር ወግ አላቸው። «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ጉዳዩ ይነገራል፣ መሰማቱ ይጠየቃል፣ ከዚያ ሰው በየተራ ሐሳቡን ይሰጣል። ይህን የመሰለ ወግ ባለበት አገር ሰውን በረድፍ አስቀምጦ ሲያነቡለት መዋል ያሳዝናል። አሁን እኛ መክፈቻውን ከአምስት ደቂቃ አናሳልፍም። ወንበሩን ክብ እናደርገዋለን። የክብር እንግዳው ከነዋሪው መሃል ይቀመጣሉ፣ ካረፈዱም ሳንጠብቅ እንጀምራለን።

ቋንቋውም እዚሁ ይገባል። ሐዋሳ ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛና ሌላም ይነገራል። አማርኛ ገበያ ላይ ለመግባባት የሚበቃው ሰው ስለ በደሉ ለማስረዳት ላይበቃው ይችላል። ከተሳታፊው መሃል የሚያስተረጉም ሰው አስቀድማችሁ ለምኑ።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው መጥራት

የቀበሌው ስብሰባ ላይ ያየናቸው ሰዎች የእኛም መድረክ ላይ ይመጣሉ። መምጣታቸው ጥሩ ነው። ግን የባጃጅ ሾፌሮቹስ? ጎዳና ላይ የሚሸጡት ልጆችስ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞችስ? ፓርኩ በ2008 ተመርቆ ከተከፈተ ጀምሮ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ከተማችን ውስጥ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። በሥራ ቀን ጠዋት ብትጠሯቸው አይመጡም፣ ደመወዛቸው ይቆረጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቡና የሚያፈሉት ሴቶች የት ነው የተቀመጡት? እኛ ጋ ለረጅም ጊዜ ደጅ ነበሩ፣ ጭሱ አዳራሽ እንዳይገባ ብለን። ውይይቱ ስለ ሴቶች መብት ሆኖ ረከቦቱ አጠገብ ያሉት ሦስት ሴቶች አንድ ቃል አልሰሙም። አሁን ቡናው መሃል ነው የሚፈላው፣ አፍዪዋም ተሳታፊ ናት።

«መብት» የሚለውን ቃል መሸሽ

ብዙ ቡድን ባነሩ ላይ «ሰላም» ብሎ ይጽፍና «መብት» የሚለውን ይተዋል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሚመጣን ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ያ ክልከላ በአዋጅ 1113/2011 ቀርቷል፣ ልማዱ ግን አለቀቀንም። ስለ መብቱ ሳታነሱለት «ሰላማዊ ሁን» ብቻ የምትሉት ሰው ዝም በል ያላችሁት ነው የሚመስለው።

መብትን ስታነሱ ደግሞ ሰው ወደሚጠይቀው ነገር ውረዱ። አንድ ባጃጅ ሾፌር «ቢይዙኝ ስንት ቀን ያቆዩኛል?» ብሎ ጠየቀን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ይህን ስንነግረው ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። ከጎኑ ያሉትም ጻፉ። የዓለም አቀፉን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ 30 አንቀጾች በሙሉ ብናነብላቸው ኖሮ ማንም እስክሪብቶ አያነሳም ነበር።

የተጎዳን ሰው መድረክ ላይ ማቆም

ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። በጾታዊ ጥቃት ላይ የሚደረገው የ16 ቀን ዘመቻ ኅዳር 16 ጀምሮ ታኅሣሥ 1፣ የሰብዓዊ መብት ቀን ላይ ያበቃል። በአንዱ ዓመት አንዲት ወጣት ታሪኳን እንድትነግረን ለመንናት፣ እሺ አለች። ማይኩን ይዛ ጀመረች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የባሏ አጎት ተቀምጦ ነበር። እኛ አናውቀውም። እሷ አየችው። ቃሏ መሃል ላይ ቆመ። ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች፣ ከሞንታርቦው የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነበር። የእኛ ሰው ፎቶ ማንሳቱን አላቆመም።

ያን ቀን እሷን ማንም አልጠየቃትም፣ «ስትጨርሺ ወዴት ትሄጃለሽ?» ብሎ።

እባካችሁ፣ ታሪክ ለማስተማር ከፈለጋችሁ ስምና ሰፈር ቀይራችሁ ሌላ ሰው ይንገረው። ባለታሪኳ ራሷ ልናገር ካለች ማን እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሯት። በመጨረሻዋ ደቂቃም ቢሆን እንቢ ማለት እንደምትችል ይግባት። ፎቶ ከተነሳ በፈቃድ ይሁን፤ «መቼም ፈቅዳለች» ብሎ መገመት ፈቃድ አይደለም። ሰው ብሶቱን ካወጣ በኋላ የሚሄድበትንም አዘጋጁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሐዋሳ ቢሮ አለው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስልካቸውን በወረቀት አባዝታችሁ ያዙ።

ግጭት ላይም ነገሩ ያው ነው። ሰኔ 2010 በከተማችን የሆነውን እናስታውሳለን። ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያይቷል። ሁለቱን ወገን በአንድ ቀን ጠርቶ፣ አጨባብጦ፣ ፎቶ አንስቶ መበተን እርቅ አይደለም። እንዲያውም የበለጠ ያቆስላል። መጀመሪያ ለየብቻ ሂዱ። ሽማግሌው፣ ፓስተሩ፣ ቄሱ፣ ሼኩ የሚያመላልሱት ወሬ አለ፣ እሱ ይብሰል። ሰዎቹ ራሳቸው «እንገናኝ» ሲሉ ነው ወንበር የሚዘረጋው። ያ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

ቀኑን ሳያዩ መጥራት

እሑድ ጠዋት ከተማው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው፣ መሃል ከተማ አይታለፍም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የሚውልበትን ቀን ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው የሚናገሩት፣ ስለዚህ ከካላንደር ላይ አትፈልጉት፤ ጠይቁ። የዓለም የሰላም ቀን መስከረም 11 ነው፣ ከመስቀል አንድ ሳምንት እንኳ አይርቅም፤ ከሌላ ክልል የመጣው ነዋሪ ወደ አገር ቤት ለመግባት ዕቃ እየሸከፈ ነው። ከገጠር ቀበሌ ሰው የምትጠሩ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ መሆኑን አትርሱ።

የእግር ጉዞ ወይም ሰልፍ ከሆነ ደግሞ በ1983 በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ደብዳቤውን ስታስገቡ ቅጂው ላይ ማህተም አስመቱ።

ምግቡና አበሉ

ረቡዕና ዓርብ የጾም ይሁን። ሥጋ ካለ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ይለይ፣ ድስቱም ጭልፋውም። ቆሎ፣ ዳቦና ቡና ግን ማንንም አያስቀይምም። የትራንስፖርት ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ መጠኑን ስትጠሩ ተናገሩ፣ ለሁሉም እኩል ስጡ። ሳትሰጡ ባዶ ወረቀት ላይ ማስፈረም በጭራሽ አይሞከርም።

ካለቀ በኋላ መጥፋት

አንድ መድረክ ላይ ሴቶች ከሥራ ሲመለሱ የሚያልፉበት መንገድ ጨለማ መሆኑን አነሱ። ጻፍነው። ሪፖርታችን ውስጥም ገባ። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ወደዚያ ሰፈር አልሄድንም። በኋላ ስንጠራቸው ከአርባ ሰው የመጡት ዘጠኝ ናቸው።

አሁን መድረኩ ከመዘጋቱ በፊት ከተነሳው ነገር አንድ ብቻ እንመርጣለን። ማን እንደሚከታተለው፣ ለየትኛው ቢሮ ደብዳቤ እንደሚገባ ሰው ፊት እንነጋገራለን። በአስራ አምስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ተመልሰው ይሄዳሉ። መልስ ካለ መልሱን፣ ከሌለም «ገና ነው፣ እየጠየቅን ነው» የሚለውን ይዘው። የመብራቱ ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ የገባው ባለፈው ሳምንት ነው። ማክሰኞ ማታ እዚያው ሰፈር ቡና ተጠርተናል፤ ማህተም የተመታበትን ቅጂ ይዘን እንሄዳለን።