በአሮጌ የሬዚስታንስ መለኪያዎች ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በድሮ የፊዚክስ ላብራቶሪዎች ሬዚስታንስ (አንድ ነገር የኤሌክትሪክ ፍሰትን፣ ማለትም ከረንትን፣ የሚገታበት መጠን) የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በእንጨት ሳጥን ነበር። ክዳኑ ጥቁር ኤቦናይት፣ ማለትም በድኝ የጠነከረ ጎማ ነው። በላዩ የናስ ብሎኮች ተደርድረዋል፤ በብሎኮቹ መካከል ደግሞ የናስ ውታፎች ይገባሉ። ከውታፎቹ ሥር፣ በሳጥኑ ውስጥ፣ ሬዚስታንሳቸው የታወቀ ጥቅል ሽቦዎች አሉ። ሥራው በዊትስቶን ብሪጅ ነው፤ ይህም ያልታወቀን ሬዚስታንስ ከታወቀ ጋር አመዛዝኖ የሚለካ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። (ስሙ የዊትስቶን ቢሆንም፣ በ1833 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ክሪስቲ ነው።) እንዲህ ያለው ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእርጅና ሳይሆን በእጃችን ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ውታፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማብረቅ ነው። ውታፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ከቀዳዳው ጋር ልክክ እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል። ትንሽ ከተፋቀ ንክኪው ይላላል፣ እሱ ራሱ ሬዚስታንስ ይጨምራል። ይባስ ብሎ መጠኑ በየጊዜው ይለዋወጣል። ውታፉን አውጥቶ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ሲመለስ ጫን አድርጎ በትንሹ ማዞር ነው። አንዱ ሲነቀል ጎረቤቶቹም ይላላሉና እነሱንም ጠበቅ አድርጓቸው።

ንባቡ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚደመረው የተነቀለው ውታፍ ቁጥር ነው። የተሰካው ውታፍ ግን ከረንቱ በጥቅል ሽቦው ሳይሆን በናሱ እንዲያልፍ ያደርጋል።

የቁልፎቹ ቅደም ተከተል ደግሞ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። መጀመሪያ የባትሪው፣ ቀጥሎ የጋልቫኖሜትሩ (ትንሽ ከረንትን በመርፌ የሚያሳየው መሣሪያ) ቁልፍ ይጫናል። ሲለቀቅ ተገላቢጦሽ ነው። የሚለካው ነገር ጥቅል ሽቦ ከሆነ ከረንቱ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ብሪጁ ሚዛኑን ቢጠብቅም መርፌው ይዘላል። ቁልፉን ይዞ መቆየትም አያዋጣም፤ ሽቦው ይሞቃል። የመዳብ ሬዚስታንስ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራልና ውጤቱ ይዛባል።

ኤቦናይቱን ፀሐይ ላይ አታኑሩት። በውስጡ ያለው ድኝ በብርሃን ወደ አሲድ ይለወጣል፣ ገጹም ከረንት ማሾለክ ይጀምራል።

የመጨረሻው ስህተት በጣም ያሳዝነኛል። ሰው 100 ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ አሃድ ነው) የሚል ጥቅል በዘመናዊ መለኪያ ይለካና 98.7 ያነባል። «ተበላሽቷል» ብሎ ሳጥኑን ፈትቶ ሽቦውን ይነካካል። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ሳጥኖች የብሪታኒያ የሳይንስ ማኅበር (በምህጻር ቢ.ኤ.) በ1860ዎቹ ባወጣው ኦም ነው የተስተካከሉት። ያ ኦም ከዛሬው በ1.3 በመቶ ገደማ ያንሳል። እስከ 1948 ያገለገለው ዓለም አቀፍ ኦም ደግሞ ከዛሬው በ0.05 በመቶ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። «ቢ.ኤ.» የሚል ካለ ሳጥኑ ደህና ሊሆን ይችላል።